የተተፋው ክኒን

«ተፋኸው!»

አጎቷ ድንግጥ አለ። ከአፉ ያወጣትን ክኒን በጫማው ጫፍ ወደ ሰጋቱራው እየገፋ፣ «ምኑን?» አላት።

«ክኒኑን ነዋ! በዓይኔ በብረቱ አየሁህ።»

ልጅቷ ደብተሮቿን መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ዘርግፋ ፊት ለፊቱ ቆመች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ክርክር ስለምትወድ አጎቷ «ጠበቃ» ይላታል። እሱ አናጺ ነው፣ የእናቷ ታናሽ ወንድም። ኤች አይ ቪ በደሙ እንዳለ ሲታወቅ የሰሙት እሷና እናቷ ብቻ ነበሩ። መድኃኒቱን በጀመረ ሰሞን ደህና ሆኖ ነበር። ምግብ ተስማማው፤ ሱሪው ወገቡ ላይ መቆም ጀመረ፤ እንጨት ሲልግ ማፏጨቱም ተመለሰ። ከዚያ ግን አንገቱ ሥር ንፍፊት ወጣበት። እያደር አብጦ እንቁላል አከለ፤ ትኩሳቱም አላስተኛው አለ።

«እስቲ አንቺው ፍረጂ፤» አላት አንገቱን እየዳበሰ። «ይሄን ክኒን ሳልጀምር እንዲህ ያለ ነገር ነበረብኝ? አልነበረብኝም። ስጀምር መጣ። ታዲያ ገዳዬን በገዛ እጄ ልዋጠው?»

ክርክሩ ቀዳዳ የሌለው ይመስላል፤ ያናደዳትም እሱ ነው።

«ከተውከው ስንት ቀን ሆነህ?»

«ሦስት። ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ፣ ስወድሽ።»

ለእናቷ ብትነግር አጎቷ ሁለተኛ ምስጢር አያካፍላትም። ዝም ብትልም አንገቱ ያስፈራል። ደብተሮቿን ሰብስባ በብብቷ ያዘች።

«እሺ፣ አልነግራትም። ግን አሁኑኑ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን። ክኒኑ ገዳይ ከሆነ ሲስተሯ ፊት ተከራከርና ርታት።»

«ነገ ፈተና የለሽም እንዴ?»

«አለኝ። ስለዚህ ፈጠን በል።»

ጤና ጣቢያው ውስጥ ሲስተሯ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ንፍፊቱን በሁለት ጣቷ ዳሰሰች፤ ትኩሳቱን ለካች። «ክኒኑን በአግባቡ እየወሰድክ ነው?»

«አዎ። አንድም ቀን አላጓደልኩም።»

ልጅቷ ክው ብላ ወደ እሱ ዞረች። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፤ ያ ሰፊ እጁ የወንበሩን ጠርዝ ጨምድዷል። እስካሁን ግትርነት የመሰላት ነገር ለካ ፍርሃት ኖሯል። እጁን ያዘችው።

«አጎቴ፣ ደህና አድርገህ ካልነገርካት ደህና አድርጋ ልታክምህ አትችልም።»

አጎቷ ወለሉን አየ። «ሦስት ቀን ተፍቼዋለሁ፤» አለ በመጨረሻ።

ሲስተሯ አልተቆጣችም። ወንበሯን ሳብ አድርጋ ቀረበችው።

«ስማኝ ወንድሜ። ቫይረሱ የሰውነትህን መከላከያ አድክሞት ነበር። ያኔ ሌላ በሽታ ሲገባ የሚታገለው ስለሌለ ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። ይሄ መድኃኒት ቫይረሱን ሲያስታግስልህ መከላከያህ ነቃ። ሲነቃ ተደብቆ የኖረውን አገኘና ጠብ ጀመረ። ያበጠውም፣ የሚያተኩስህም ጠቡ ነው።»

«የተደበቀው ማነው?» አለች ልጅቷ ቀድማ።

«ቲቢ ሳይሆን አይቀርም። ከንፍፊቱ በመርፌ ቀድተን እንመረምራለን።»

«ስለዚህ የባሰብኝ እየዳንኩ ስለሆነ ነው?»

«መከላከያህ እያገገመ ነው። ግን እንዲህ ሆነህ ቤትህ መቀመጥ የለብህም፤ ለተደበቀውም ሕክምና ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥምህ እኛ ጋ ና እንጂ ክኒኑን በራስህ ፈቃድ አታቁም።»

«ተረታህ፤» አለችው ልጅቷ።

አጎቷ ሳያስበው ሳቀ። አንገቱ ካበጠ ወዲህ ሲስቅ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነበር።

ምርመራው ቲቢ መሆኑን አሳየ። ሐኪሙ የቲቢውን መድኃኒት ጨመረለት። አጎቷ ያደረገውን ለእህቱ ራሱ ነገራት፤ እሷም መጀመሪያ ጮኸችበት፣ ቀጥላ አቀፈችው። ንፍፊቱ ወዲያው አልጎደለም፤ ጭራሽ ቀልቶ ፈርጦ ነበር። እሱ ግን በዚህ ጊዜ መድኃኒቱን አልተወም። ቀስ በቀስ ትኩሳቱ ለቀቀው፤ ቁስሉ ጠባሳ ብቻ ትቶ ዳነ፤ ወፍራም ጣውላ ለብቻው መሸከም ጀመረ።

ከወራት በኋላ የደም ምርመራው ውጤት ሲነገረው ልጅቷ አብራው ነበረች። የመከላከያ ሴሎቹ ቁጥር ክኒኑን ሲጀምር ከነበረው ከእጥፍ በላይ ሆኗል። «ገና ይጨምራል፤» አለች ሲስተሯ። ልጅቷ መዝለል ቃጣት።

ኮሪደሩ ላይ አንዲት ሴት የመድኃኒት ከረጢት አቅፋ ተቀምጣለች። አንገቷ በአንድ በኩል አብጧል። «በቃኝ፤» ትላለች አጠገቧ ላለችው እህቷ። «ሳልጀምረው ደህና ነበርኩ። ወደ ቤት እንሂድ።»

ልጅቷ ቆመች። የምታውቀውን ሁሉ ብትዘረግፈው በወደደች፤ ታሪኩ ግን የአጎቷ እንጂ የእሷ አይደለም። ቀና ብላ አየችው። እሱ ወረፋ የሚጠብቀውን ሰው ሁሉ በዓይኑ ቃኘ። እዚህ ሲመጣ ሁልጊዜ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚገባውና የሚወጣው።

«ትቸኩያለሽ?» አላት።

«ኧረ እኔ አልቸኩልም።»

ጥቂት አመነታ። ከዚያ ጠባሳው እንዲታይ የሸሚዙን ኮሌታ ገለጥ አድርጎ ሴትዮዋ ወደተቀመጠችበት አግዳሚ ወንበር ሄደ። «እህቴ፣ አጠገብሽ ልቀመጥ?»

ልጅቷ አልተከተለችውም። ወደ ውጭ ወጥታ ደረጃው ላይ ፀሐይ ያረፈበት ቦታ መረጠችና የሂሳብ ደብተሯን ከፈተች።