ጀቱ ከድምፁ ይቀድማል

«ማህተሙ አገጯ ላይ ወርዷል፤ ይለቅ ይሆን?» አለ ሞላ፣ የእናቱን የቀበሌ መታወቂያ ጠረጴዛው ላይ እያኖረ።

ጋሼ ነስሩ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ትንሿን ጉርድ ፎቶ ወደ ዓይናቸው አስጠጓት። የሞላ እናት እትዬ እቴነሽ በነጭ ሻሽ፣ ካሜራ እንደማያምን ሰው አፍጥጠው ያያሉ።

«ፋሲል ያስለቅቀዋል። ለአርባዋ ነው አይደል? ነፍስ ይማር፣ ልጄ። በትልቁ አድርገን እናወጣታለን።»

ፋሲል ከኮምፒውተሩ ጀርባ ቀና አላለም። ትምህርት በሌለበት ቀን ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ባለችው በዚህች ፎቶ ቤት ይሠራል። ሞላ የክፍል ጓደኛው ነው፤ ቤተሰቦቹ ከጋፋት ወዲያ ገበሬዎች ናቸው፣ እሱ ከተማ ተከራይቶ ይማራል።

«ቀብሯ ላይ እሱም ተሸክሟት ነበር እኮ» አለ ሞላ ለጋሼ ነስሩ። «ያ ጀት ሲመጣ ሁሉም ገብሱ ውስጥ ተበተነ እንጂ። ፋሲልም ሮጠ። ምን ያድርግ፣ ነፍስ ነው።» ወደ ፋሲል ዞሮ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «አንተ ፈሪ! አይዞህ፣ አልያዝኩብህም።»

«እሺ» አለ ፋሲል። ሞላ ከሰዓት እመለሳለሁ ብሎ ወጣ።

ፋሲል ግን አልሮጠም ነበር።

ተዋጊ ጀት ፎቶ ማንሳት የጀመረው አምና ነው፤ መጀመሪያ በስልኩ። በስልክ የሚወጣለት የዝንብ ያህል ጥቁር ነጥብ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ወደ ድምፁ ያንጋጥጡና ሰማዩ ባዶ ይሆንባቸዋል። እሱም ብዙ ጊዜ ካመለጠው በኋላ ነው የገባው፦ ጀቱ ከድምፁ ይቀድማል፤ ድምፁን ትተህ ፊት ፊቱን ፈልግ። ኢንተርኔት በተለቀቀ ቀን የሚልክበት የቴሌግራም ግሩፕ አለው። «ጥርት ያለ ላክና ንጉሥ ነህ» ብለውታል። እናቱ አንድ ቀን ስልኩን አይታ፣ «ይሄ የት ወርዶ፣ ምን አድርጎ እንደሚመለስ ታውቃለህ?» አለችው። አያውቅም። «ቅርጹ ነው ደስ የሚለኝ» አላት። እሷም ስልኩን መለሰችለት።

የቀብሩ ዕለት ጠዋት ትምህርት ቤት የተማሪዎች ጉርድ ፎቶ ሲያነሳ ቆይቶ፣ ከዚያው ነው በቀጥታ የሄደው። የጋሼ ነስሩ ካሜራ ከጋቢው ስር አንገቱ ላይ ነበር። ቃሬዛውን የያዙት አራት ናቸው፤ ሞላ ከፊት፣ ፋሲል ከኋላ። ቄሱ ለፍትሐት ካላቆሙ በቀር ቃሬዛ መሬት አይነካም፤ ይህን ትንሽ ልጅም ያውቃል። በገብሱ ማሳ መካከል ባለችው ቀጭን መንገድ ላይ ሳሉ ሰማዩ ተቀደደ። ጀቱ ዝቅ ብሎ ነበር። ሴቶቹ ጮኹ፤ ሰው ሁሉ ማሳው ውስጥ በግንባሩ ተደፋ፤ ሁለት ተሸካሚዎችም ለቀቁ።

ፋሲልም ለቀቀ። ከመንገዱ ፈቀቅ ብሎ ቆመና ከድምፁ ፊት አየ። አገኘው። ካሜራውን አወጣ፤ መጀመሪያ በሰፊው፣ ቀጥሎ አስጠግቶ አነሳ። የአብራሪው መስታወት ሳይቀር ፀሐይ ይዞ ሲያበራ ታየው። እንደዚያ ያለ ፎቶ አንስቶ አያውቅም።

ዞር ሲል የቃሬዛው የኋላ ወገን መሬት ላይ ወድቋል። ሞላ ብቻውን ተንበርክኮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እናቱ እንዳይንሸራተቱ በሁለት ክንዱ አቅፏቸዋል። ፋሲል ካሜራውን ከጋቢው ስር ሸሸገና፣ ሰዎቹ አፈራቸውን እያራገፉ ሲመለሱ አብሯቸው ተመለሰ። ሽማግሌው ቄስ ማንንም አልተቆጡም። ድሮውንም እዚያ ሊያቆሙ ያሰቡ ይመስል፣ ቃሬዛው በወደቀበት ቦታ መጽሐፋቸውን ገልጠው ፍትሐት አደረሱ።

አሁን የእትዬ እቴነሽ ፊት ስክሪኑን ሞልቶታል። ፋሲል የማህተሙን ሐምራዊ ቀለም ከአገጫቸው ላይ በጥቂት በጥቂቱ ያነሳል። ሞላ ከቤቱ ስንቁን ይዞ ሲመጣ ለብቻዋ የተቋጠረች ዳቦ አትጠፋም ነበር። «ይቺ የፋሲል ናት ብላለች» ይለዋል። ከተቀበሩ ወዲህ ያቺ ቋጠሮ አልመጣችም።

«አንተ ልጅ!»

ጋሼ ነስሩ ለነገው ሠርግ ካሜራውን እያዘጋጁ ነበር።

«ይሄን እንዴት አድርገህ ነው ያመጣኸው? ጥርት!» አሉና ወዲያው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በኔ ካሜራ ጀት? ፍተሻ ላይ ቢያዩት እኔም አለቀልኝ፣ አንተም አለቀልህ!»

አንድ ፎቶ ወደ ኋላ መለሱ። በዚያኛው ጀቱ ከላይ፣ ጥጉ ላይ፣ ትንሽ ነው። ከታች፣ ከጠርዙ ዘንድ፣ ሞላ እናቱን አቅፎ ይታያል።

«ይሄ አሁን የመጣው ልጅ አይደለም?»

«ነው።»

«ሮጠ ያለኝ ደግሞ አንተን ነው።»

ጋሼ ነስሩ ካርዱን አውጥተው ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩለት።

«እኔ ዐስርን ሰግጄ እስክመለስ ይሄ እዚህ አይገኝም። ማንም ሳያየው ይጥፋ፣ አንድ ሰው አይቶት ይጥፋ፣ ያን አላዝህም።» ኮፍያቸውን አጥልቀው ወደ መስጊድ ሄዱ።

ፋሲል ጣቱን መሰረዣው ላይ አሳርፎ ተቀመጠ። አንድ ጊዜ ቢጫን በቃ፤ የሚቀረው «ፈሪ» መባል ብቻ ነው። ፈሪ መባል ደግሞ ምንም አይደል፤ ሞላ ይቅር ብሎታል። ግን ይቅር ያለው ሌላ ልጅን ነው፤ ሮጦ ገብሱ ውስጥ የተደፋውን።

በሩ ተንቋቋ። ሞላ ነው። ፋሲል ፎቶዎቹን ከስክሪኑ ደበቀና የወጣውን የእናቱን ትልቅ ፎቶ ሰጠው። ሞላ ጠርዝ ጠርዙን ይዞ ለረጅም ጊዜ አየው።

«ማህተሙ ጠፋ!» አለ። «ምንም አልነካት፣ አየህ?»

መስኮቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ሞላ ፎቶውን ጃኬቱ ውስጥ ሻጠ፤ በሌላው እጁ የፋሲልን ኮሌታ ጨምድዶ ከጠረጴዛው ስር ጎተተው። በጀርባው ከለለው። «አይዞህ፣ ያልፋል። አይዞህ» ይለዋል። ፋሲል ጀቱ በዚህች ደቂቃ የት እንዳለ ሳያይ ያውቃል፤ ከድምፁ ፊት፣ ወደ ጋፋት በኩል። ወደዚያ አልዞረም። በሞላ ጃኬት ክፍተት ነጭ ሻሽ ይታያል።

«አለፈ» አለ ሞላ፣ ላቡን እየጠረገ። «አየህ? ምንም የለም።»

«አልፈራሁም።»

«ተወና! እኔም ልሞት ነበር እኮ።»

«ያን ቀንም አልፈራሁም፣ ሞላ።»

ሞላ ቀልድ መስሎት የቀረውን ጠበቀ። ፋሲል ከጠረጴዛው ስር ወጣ፤ የመጀመሪያውን፣ በሰፊው ያነሳውን ፎቶ ከፈተና ስክሪኑን ወደ ጓደኛው አዞረው።