የሙሽራው የደም ውጤት

አቶ አጵሎስ ልጃቸውን የሚድሩት ለሰው ሳይሆን ለላቦራቶሪ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቤተ ክርስቲያናቸው ተጋቢዎችን ሁሉ ከሰርግ በፊት የኤችአይቪ ምርመራ እንዲያደርጉ ያዛል፤ ደግ። እሳቸው ግን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ አይደሉ? ማን ይከለክላቸዋል? አንድ ጨመሩበት።

«የካንሰሩንም ደም ያምጣ» አሉ።

ሙሽራው ታዴዎስ ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ያለማል። ባለፈው ዓመት የአንጀት ካንሰር ተገኝቶበት በቀዶ ሕክምና ወጣለት። የአቶ አጵሎስ ልጅ ዕድላዊት ያገኘችው ያኔ ነው፤ ከሕሙማን ጠያቂዎች ጋር ሆስፒታል ገብታ ስትዘምር።

«እህቴ፣ ቀስ በይ፤ ስስቅ ስፌቴን ያመኛል» አላት።

«ምን የሚያስቅ ነገር አገኘህ?»

«ዜማውን ስትስቺው ፊትሽን ብታዪው!»

ተናደደች። በማግስቱ ግን ብቻዋን መጣች። ከዚያ ወዲያ ዓይን ለዓይን ሲጋጩ ሁለቱም ዝም ይሉ ጀመር፤ ዝምታውን ግን አንዳቸውም አልጠሉትም።

እንግዲህ የታዘዘው ደም ተመረመረ። በሽታው ተመልሶ እንደሆነ ለመጠርጠር የሚረዳው ቁጥር ከመደበኛው ትንሽ ከፍ ብሎ ተገኘ። ወጣቷ ዶክተር ማህደር ለሁሉም አስረዳች።

«ይህ ቁጥር ብቻውን አይፈርድም። ከፍ የሚያደርገው ሌላም ነገር አለ። ደግመን እንለካዋለን፣ ሲቲ ስካንም ይነሳል።»

አቶ አጵሎስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በአጭሩ ንገሪን እንጂ ዶክተር፤ ፖዘቲቭ ነው ኔጌቲቭ?»

«አባቴ፣ ይሄ እኮ የኤችአይቪ ምርመራ አይደለም!»

ማን ሰምቷት! ዕድሜ ልካቸውን ሁለት ዓይነት ደም ብቻ የሚያውቁ ሰዎች ሦስተኛውን ከየት ያምጡት? እሑድ ሳይደርስ የሴቻ ሰፈር ሙሉ ታዴዎስን «ፖዘቲቭ» ብሎ ቀበረው። «እንድትጸልዪለት ብዬ ነው የነገርኩሽ» እየተባባለ። ወይ ጉድ፣ ሐሜትን ጸሎት አልብሰው ሲያወጡት አያፍሩም!

«ልጄን መበለት አላደርግም» አሉ አቶ አጵሎስ፣ ሙዝ እያገላበጠ እንደሚያናንቅ ነጋዴ አፋቸውን አጣመው።

ዕድላዊትን ያበገናት አባቷ አልነበሩም፤ አመላቸውን ታውቀዋለች። ያበገናት ታዴዎስ ነው። «ይቅርብሽ» ብሎ በስልክ ጻፈላት። አይ ወንድ! ፊቷን እያየ ለመናገር እንኳ ወኔ አላገኘም። በሚኒባስ ወርዳ እርሻው ድረስ ሄደችበት።

«ፈሪ!» አለችው።

መሬት መሬት እያየ፣ «ሁለት ዓመት ብቻ ብኖርስ?» አላት።

«አባቴና እናቴ ሠላሳ ዓመት አብረው ኖረዋል። አንድ ቀን ስሟን በፍቅር ሲጠራት አልሰማሁም። እናቴ ዓመት አንሷት አይደለም የከሳችው። አንተም ይኸው እኔን ሳትጠይቅ ወሰንክልኝ፤ ታዲያ ከእሱ በምን ትሻላለህ?»

ቀና ብሎ አያት።

«መሞቱን አይደለም የፈራሁት፣ ዕድልዬ። ስሞት አንቺ ማየትሽን ነው።»

«እኔም ፈርቻለሁ» አለችና እጁን ያዘችው። «ብቻህን ፍራ ያለህ ግን የለም።»

ምርመራው ተደገመ። ቁጥሩ ወርዶ፣ ስካኑም ንጹሕ ሆኖ መጣ። አቶ አጵሎስ ይህን ሲሰሙ ሽማግሌዎቻቸውን አስከትለው፣ ፊታቸው በርቶ ኩልፎ ወረዱ። በሩቁ ሲሸሹት የከረሙት ሁሉ አሁን ታዴዎስን እየተሻሙ አቀፉት።

«ጌታ ይመስገን፣ ኔጌቲቭ ሆነ! በሉ፣ የሰርጉን ቀን እንቁረጥ» አሉ አቶ አጵሎስ።

«ተጋብተናል፣ አባዬ» አለች ዕድላዊት። «ባለፈው ሳምንት፣ ማዘጋጃ ቤት።»

«ባለፈው ሳምንት? ውጤቱ ሳይመጣ?»

«ሳይመጣ።»

አቶ አጵሎስ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ፤ የሚያግዛቸው አልተገኘም። «ቁጥሩ ጨምሮ ቢሆን ኖሮስ?»

«ወደፊት ይጨምር ይሆናል፤ ዶክተሯ አልደበቀችንም። ያኔም ባሌ ነው። አንተም ስትመጣ ቁጥሩን ሳይሆን እሱን ጠይቀው።»

ታዴዎስ ወንበር አቀረበላቸው። አቶ አጵሎስ ተቀመጡ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ያን ሁሉ ጊዜ ስለ ደሙ ሲጠያይቁ ባለደሙን አንድም ቀን አናግረውት አያውቁም ነበር።

«እንዴት ነህ፣ ታዴዎስ?» አሉ በመጨረሻ።

«ዛሬ ደህና ነኝ» አላቸው።