አስረሳሽና የእናቷ ነጠላ

አስረሳሽ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ ከሮቢት ከተማ በታች፣ ከሜዳው ላይ ነበር። በስድሳ ስድስቱ ረሃብ በሬዎቻቸው አለቁ፤ አባቷም ሞቱ። እሷና እናቷ ሸዋዬ በእግራቸው ቆቦ ገቡና ከመኪናው መንገድ ዳር በተሠራው መጠለያ፣ አንድ ድንኳን ጥግ ተጠጉ።

ሸዋዬ ያላቸውን ሁሉ ሸጠዋል። የሠርጋቸውን ነጠላ ግን አልሸጡም፤ ስሞት በዚህ ገንዙኝ ይሉ ነበር። በመጠለያው ታመሙ፤ በሽታው ሲጠናባቸውም በነጠላው ላይ አስመለሱበት። እድፉ በውሃ ብቻ አልለቅ አለ።

በመጠለያው የበሽተኞቹን ብርድ ልብስ የሚያጥቡት እትዬ ዘኪያ ነበሩ። አስረሳሽ ውሃ ትቀዳላቸዋለች። እሳቸውም የሚያጥቡበትን በረኪና ብቻዋን እንዳትነካ አስጠንቅቀዋታል። አንድ ሲኒ በረኪና በአንድ ባልዲ ሙሉ ውሃ ይበረዛል፤ ከሌላ ማጽጃ ጋር አይደባለቅም፤ በመጠጫ ዕቃ አይቀመጥም፤ ሥራው ከደጅ ነው፤ ጨርቁም ሳይቆይ ወጥቶ በብዙ ውሃ ይለቀለቃል። ይህን ሁሉ ነግረዋታል።

አንድ ቀን እትዬ ዘኪያ ለሶላት ሄዱ። የበረኪናው ጠርሙስ እዚያው ቀረ። ወንዙ ደርቆ ስለ ነበር ውሃ ቀድቶ መመለስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። አስረሳሽ፣ ጥቂቱ ይህን ያህል ካነጣ ብዙውማ የበለጠ ያነጣል ብላ አሰበች። ልጆች፣ ልቧ እናቷን ለማስደሰት ነበር፤ እጇ ግን ያልተፈቀደላትን አነሳ። ነጠላውን በሳፋ አድርጋ በረኪናውን ያለ ውሃ አፈሰሰችበት። ከድንኳኑ ጀርባ ሸሽጋም እስከ ማታ ተወችው።

ስታወጣው ሽታው ዓይኗን አስለቀሳት፤ እጇን ለበለባት። ነጠላው እንደ ጥጥ ነጥቷል። ደስ አላት። ስትጨምቀው ግን እንደ ራሰ እንጀራ በእጇ ላይ ተበጣጠሰ።

እናቷ ነጠላውን ሲጠይቋት አጥቤዋለሁ፤ ገና አልደረቀም አለች። በማግስቱም እንዲሁ አለች። በሦስተኛው ቀን መዳፏ ውሃ ቋጥሮ ባልዲ መያዝ አቃታት። እትዬ ዘኪያ አይተው ምን እንደ ነካች ጠየቋት። እያለቀሰች ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ያን ጊዜውኑ ብትነግሪኝ እጅሽን በብዙ ውሃ አጥብልሽ ነበር» አሏት። «አሁን ሂጂና ለእናትሽ ንገሪ፤ የሚሄድ ሰው በውሸት አይሸኝም።»

አስረሳሽ ከእናቷ አጠገብ ተንበርክካ እውነቱን ተናገረች። ሸዋዬ ፊታቸውን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞሩ። ነጠላውን በልባቸው ሲሰናበቱ ነበር መሰለኝ። ከዚያ ቀስ ብለው ዞሩ።

«እጅሽ ያምሻል?»

«ያመኛል፣ እማዬ።»

«እስቲ አምጪው» አሉና ያዙት። «ይቅር ብዬሻለሁ። ሁለተኛ ግን አትደብቂኝ።»

ሁለተኛ አልነበረም። ሸዋዬ እሑድ ሳይደርስ ዐረፉ። በዚያ ሳምንት ሟቹ ብዙ ነበር፤ ለመግነዣ የሚሆን ጨርቅ በመጠለያው ጠፋ። እትዬ ዘኪያም በየድንኳኑ ዞረው አጡ። ሸዋዬ በስንዴ ጆንያ ተገንዘው ተቀበሩ። አስረሳሽ ቆማ አየች።

ከዚያ በኋላ በመጠለያው ለነበሩት ቄስ ተናዘዘች። እግዚአብሔር ይቅር ይልሻል አሏት፤ እሷም አመነች። ቢሆንም ሌሊት ሌሊት ጆንያው ይታያት ነበር።

ልጆቼ፣ የሚጎዳ ነገር ታላቅ ሳይፈቅድላችሁ አትንኩ፤ ካጠፋችሁም ሳይመሽ ተናገሩ።