የጠብታ ዋሻ እንግዳ

ሙሉሃብት አራጋው የደሴ ልጅ ናት። ሌኒንግራድ ስድስት ዓመት ስለ ድንጋይና ስለ ምድር ተምራ በተመለሰች በዓመቱ፣ በ1972 ዓ.ም. ኅዳር ሲጋመስ፣ መሥሪያ ቤቷ የድንጋይ ናሙና እንድታመጣ ወደ ላስታ ላካት። ከላሊበላ በበቅሎ ተነሥታ፣ አሸተን ማርያምን አልፋ፣ አቀበቱን ግማሽ ቀን ወጣች። ጠብታ ዋሻ ከሚባለው ቦታ ስትደርስ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር።

ከዋሻው ወለል ላይ የቆመውን ነጭ ድንጋይ ስታይ ግን ድካሟን ረሳችው። ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ በብዙ ሺህ ዓመት ጠብ እያለ የገነባው፣ ቁመቱ ከእሷ የሚተካከል ድንጋይ ነው። አላመነታችም፤ መዶሻዋን ከቦርሳዋ መዥረጥ አደረገች።

«ጓዲት፣ መዶሻው ይቀመጥና ሰላም እንባባል።»

ዞር አለች። በዋሻው አፍ ላይ ጋቢውን ያጣፋ ረጅም ወጣት ቆሟል። ጣቶቹ በጠመኔ ነጥተዋል። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም፤ ዓይኑ ግን ከመዶሻው አልተነቀለም።

«ፈቃድ አለኝ» አለች ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት እየዘረጋች።

«ወረቀቱስ ደግ ነው። ግን ውሃው በዚህ ድንጋይ ላይ ወርዶ ነው ከሥሩ ገንዳ የሚገባው። በበጋ አርባ ሦስት አባወራ ይጠጣዋል። ድንጋዩ ተሰብሮ ጠብታው ቢበተን፣ ማኅተም ይጠጣል?»

ሙሉሃብት ፊቷ ቀላ። ወደ ገንዳው ጎንበስ ብላ አየች። እውነቱን ነው። መዶሻውን ቀስ ብላ መለሰችና፣ ከእፍረቷ ብዛት ሳቀች። እሱም ሳቀ።

ከፋለ ይባላል፤ የመንደሩ ትምህርት ቤት መምህር፣ የዋሻው ጠባቂ የመምሬ ገብረመስቀል ልጅ ነው። ወዲያው ወደ አባቱ ወሰዳት። መምሬ ጉዳይዋን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

«ልጄ፣ የቆመ አይነካም። የወደቀ ካገኘሽ ግን፣ ወድቋልና ውሰጂው። ከፋለ ያሳይሽ። ድንጋዩ የሚነግርሽን ነገር ታዲያ ለእኛም ተመልሰሽ ንገሪን።»

ፍለጋው ተጀመረ። በየቀኑ ትምህርት ሲያልቅ ከፋለ ፋኖስ ይዞ ይመጣል፤ ሁለቱም በደረታቸው እየተሳቡ ወደ ጠባቡ የዋሻ ሆድ ይገባሉ። በሦስተኛው ቀን «እርስዎ» መባባሉ ቀርቶ «አንቺ» እና «አንተ» ሆነ። ማን እንደጀመረው ሁለቱም አላስተዋሉም።

«ለመሆኑ ድንጋይ ምን ይነግርሻል?» አላት አንድ ቀን፣ ለእረፍት ጎን ለጎን ተቀምጠው።

«ሳይቤሪያ ውስጥ ክረምት ከበጋ የማይቀልጥ መሬት አለ። እስከ ሆዱ ድረስ በረዶ ነው፤ ውሃ አያሳልፍም። ውሃ ካልወረደ ደግሞ ከሥሩ ባለው ዋሻ እንዲህ ያለ ድንጋይ አያድግም። ስለዚህ ድንጋዩ መቼ እንዳደገ ካወቅን፣ መሬቱ መቼ እንደቀለጠ አወቅን ማለት ነው።»

«የእኛ አቡነ ዮሴፍ ተራራም እንደዚያ በርዶ ነበር?»

«አላውቅም። እሱን ለማወቅ ነው የመጣሁት።»

ከፋለ ወደ እሷ ዞረ። የፋኖሱ ብርሃን ግማሽ ፊቷ ላይ ወድቋል።

«አላውቅም ስትይ ደስ ትያለሽ» አላት። «የተማረ ሰው ይህን ቃል የረሳው ይመስለኝ ነበር።»

ብዙ ሰው አወድሷታል፤ ስለማታውቀው ነገር ያወደሳት ግን እሱ ብቻ ነው። የፋኖሱን ክር ያለ ጉዳዩ ዝቅ ከፍ አደረገችው።

በስድስተኛው ቀን የከፋለ እጅ ከሌሊት ወፍ ኩስ ሥር አንድ ጠጣር ነገር ነካ። ጠራርገው ሲያወጡት ክንድ የሚያህል፣ ድሮ የተሰበረ ነጭ ድንጋይ ሆነ። ሙሉሃብት እልል አለች፤ ዋሻውም አብሯት እልል አለ። ድንጋዩን ሳመችው። በዚያው ደስታዋ ከፋለንም ጉንጩን ሳመችው። ከፋለ ጉንጩን ዳበሰና ፋኖሱን አንሥቶ መንገድ ሊያበራላት ቀደመ።

በስንብቱ ቀን ድንጋዩን በጭድ ጠቅልሎ በቅሎዋ ላይ ጫነላት።

«ትጽፍልኛለህ?»

«አንቺ የመቶ ሺህ ዓመት ሰው ነሽ» አለ ፈገግ ለማለት እየሞከረ። «እኔ የአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ አስተማሪ ነኝ። ምን ልጽፍልሽ?»

እሷ ግን ጻፈች። ድንጋዩ ተሰንጥቆ ግማሹ ሌኒንግራድ መላኩን ጻፈች። የቀድሞ አስተማሪዋ ለዶክትሬት ተመለሽ እንዳሏትም ጻፈች። አምስት ደብዳቤ። መልስ የለም። ደሴ ስትሄድ እናቷ ክሳቷን አይታ ሐኪም ቤት ልትወስዳት ፈለገች።

በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት የድንጋዩ ምርመራ ውጤት መጣ። መምሬ ተመልሰሽ ንገሪን ብለዋታልና በፖስታ አልላከችውም፤ ራሷ ይዛው ሄደች። እየፈራች ከትምህርት ቤቱ በር ቆመች። ከፋለ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ክፍልፋይ ይጽፍ ነበር። ሲያያት ጠመኔው ከእጁ ወደቀ።

ወደ ውጭ ወጡ።

«ደብዳቤዎቼ አልደረሱህም?»

«አምስቱም ደርሰውኛል።»

«ታዲያ?»

«ለዶክትሬት እንደሚፈልጉሽ ጻፍሽልኝ። መልስ ብሰጥሽ ትምህርትሽን ትተሽ ትመጫለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«ባትሰጠኝም መጣሁ!» አለች። እንባዋና ሳቋ ተቀላቀሉ። «ደግሞ ትምህርቴን ትቼ እንደመጣሁ ማን ነገረህ? የዶክትሬት ጥናቴ በዚህ ተራራ ላይ እንዲሆን ጠይቄ ፈቅደውልኛል። ክረምቱን ሌኒንግራድ፣ በጋውን እዚህ።»

ከፋለ ጠመኔ ያነጣውን እጁን በጋቢው አበሰ። ከዚያም እንደ መምህር፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ጠየቀ።

«ድንጋዩስ ምን አለ?»

«አንድ ቦታ ላይ ማደጉን ብዙ ሺህ ዓመት አቁሟል። ኋላ እንደገና ቀጥሏል።»

«መሬቱ በርዶ ነው?»

«በርዶም ሊሆን ይችላል፤ ዝናብ ጠፍቶም ሊሆን ይችላል። ከአንድ ድንጋይ አይታወቅም። ሌሎች የወደቁ መፈለግ አለብን። ቢያንስ ሦስት በጋ።»

«መልሱ ገና ነው በይኛ!»

«ገና ነው።»

«እግዜር ይመስገን!» ብሎ ጮኸ። በመስኮት ያሾለቀው ክፍል ሁሉ በሳቅ አውካካ።

በሳምንቱ መምሬ ገብረመስቀል የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበር ጋሻዬንና አንድ ሌላ ሽማግሌ ይዘው ለሽምግልና ደሴ ወረዱ። የሙሉሃብት አባት ጋሽ አራጋው በአሰብ መንገድ ያረጁ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። እንግዶቹን ከላይ እስከ ታች አዩአቸው።

«ልጄ ሩሲያ ድረስ ተምራለች። የእናንተ ልጅ ምን አለው?»

«ምንም የለው» አሉ መምሬ ሳይደብቁ። «ብቻ በደረቱ ተስቦ የሚከተላት ሌላ ሰው ካገኙ ለእሱ ይዳሯት።»

ጋሽ አራጋው ለመኮሳተር ቢታገሉም አልሆነላቸውም።

«ስሙኝ መምሬ» አሉ እየሳቁ። «ከእናንተ አገር ከተመለሰች ጀምሮ ስለ ድንጋዩ ስጠይቃት የምትመልስልኝ ስለ ከፋለ ነው። ቤቱ ሰልችቶታል። ቶሎ ውሰዱልን።»

ሠርጉ በጥር ሆነ። የላስታና የደሴ ዘመድ ሦስት ቀን ሲጨፍር ሰነበተ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሙሽሮቹ ከጫጉላው ቤት ታጡ። ሚዜዎቹ ግራ ገብቷቸው ሲፈልጉ፣ ውሃ ሊቀዱ የወጡ ሴቶች ከዋሻው አፍ መምሬን ዳዊታቸውን ዘርግተው አገኟቸው። ከውስጥ፣ ከጨለማው፣ የሁለት ሰው ሳቅ ይሰማል።

መምሬ ቀና ብለው ለሴቶቹ ከዋሻው አፍ አጠገብ ያለውን ጥላ በእጃቸው አመለከቱ።

«እዚያ ጋ ትንሽ አረፍ በሉ ልጆቼ» አሉ። «ጥናት ላይ ናቸው።»