ዋሻ አራት ባዶ ነው

ሂክማ ግራ እጇን ስትዘረጋ ድሬዳዋ ተዘረጋች፤ ስትጨብጥ ጠፋች። የመዳፍ ሰሌዳ የሚሉት፣ ከቆዳ ላይ እንደ ሂና የሚለጠፍ ስስ ማሳያ፣ በላብ ጠርዙ እየተላጠ ስለሚያስቸግራት ከተማዋን በየደቂቃው ታክካለች። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር። ሦስት መቶ ሺህ አረንጓዴ ነጥቦች በመዳፏ ላይ ይርመሰመሳሉ፤ እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ሰው ነው።

«አለቀ?» አለ አሰግድ፣ ከመቆጣጠሪያው ጠረጴዛ ዓይኑን ሳያነሣ።

«አንዴ ቆይ፣ አቦ! ሰው ነው የምቆጥረው፤ ፍየል አይደለም።»

አሰግድ የጎርፍ በር ቤት ኃላፊ ነው። በዕድሜ አባቷ ቢሆንም፣ ድሬዳዋ ለአንቱታ ከጥንትም ቦታ ስለሌላት እንደ እኩያ ይነጋገራሉ። ሙቀቱ ከበረታ ወዲህ ከተማዋ ከመሬት በታች የቅዝቃዜ ዋሻዎችን ቆፍራ ሕዝቧን በእነዚያ ታመላልሳለች። በደንገጎ ተራራ ላይ ሲዘንብ ግን ከዋሻዎቹ አንዱ ከሰው ይጸዳና ጎርፉን እንዲውጥ ይከፈታል፤ ያለዚያ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ መጋላ ገበያ ይገባል። የዛሬው ተራ የዋሻ አራት ነው፤ ከተቆፈረ ወዲህ የመጀመሪያው። ማስጠንቀቂያው ነጥባቸው በዋሻው ውስጥ ለሚታይ ሁሉ በጆሯቸው ተነግሯል፤ ሰዎቹ ወጥተዋል፤ የሁለቱም ጫፍ መዝጊያዎች ተቆልፈዋል። ጎርፉ ሊደርስ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። የቀረው ሂክማ አውራ ጣቷን አሳርፋ «ዋሻ አራት ባዶ ነው» በሚለው ቃል ላይ መፈረሟ ብቻ ነበር።

ይህ ኃላፊነት የመጣባት «ደረስኩ» የተሰኘውን መተግበሪያ ስለሠራች ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ስትጀምረው ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ወዳጅ ወዳጁ ያለበትን ስፍራ በነጥብ ይይ። ደውሎ «የት ነህ?» ማለት ጥርጣሬ ይመስላል፤ ነጥብን በዝምታ ማየት ግን ናፍቆት ነው። ሕዝቡ ወደደው። ሚስት ባሏን፣ ልጅ እናቷን፣ ገና አፍ አውጥቶ ያልተናገረ ወጣት የሚወዳትን በመዳፉ ይዞ መዋል ለመደ። ኋላም የዋሻዎቹን ነገር የሚመለከቱት ሹማምንት ነጥቦቹን ለጎርፉ ሥራ ለመኗት፤ እሷም ደስ ብሏት ሰጠች።

አውራ ጣቷን ልታሳርፍ ስትል አንድ ነጥብ ዓይኗን ያዘው። ከዋሻው ወጥቶ በመጋላ ዋና መንገድ ወደ ላይ ይሄዳል። ምንም ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ሳይቆም ይሄዳል። መቶ ሜትር፣ ሁለት መቶ፣ አራት መቶ፤ አንድ ዓይነት እርምጃ፣ ያለ አንዳች መዘግየት። መጋላ ላይ ማንንም ቆሞ ሰላም ሳይል አራት መቶ ሜትር የሚሄድ ሰው ገና አልተወለደም።

ነካችው። ኑረዲን ይባላል፤ የማራገቢያ ጠጋኝ ነው። ከአሥራ ሁለት ደቂቃ በፊት ለሚስቱ ለመኪያ አንድ ቃል ልኳል፦ «ደርሻለሁ።»

ሂክማ አውራ ጣቷን መልሳ ሰበሰበች።

መተግበሪያው በተጀመረበት ዓመት ብዙ ቅሬታ ይቀርብ ነበር። «ደርሻለሁ» ያለ ሰው ገና ከቤቱ እንዳልወጣ ነጥቡ እያጋለጠው፣ ወዳጅነት ተቀያየመ፤ አንድ እጮኝነትም ፈረሰ። ሂክማም በአንድ ሳምንት ውስጥ «ይሉኝታ» ብላ የሰየመችውን የፕሮግራም ክፍል ጻፈች። ሰው «ደርሻለሁ» ባለ ጊዜ ነጥቡ ባለቤቱን ትቶ በመንገዱ ላይ ወደፊት ይሄድለታል፤ ባለቤቱ እስኪደርስበትም እውነተኛው ስፍራ እየተሰረዘ ይቆያል። ማንም በማንም እንዳያፍር። የተጠቃሚው ቁጥር በእጥፍ ያደገው ያን ጊዜ ነው። ነጥቦቹን ለጎርፍ በሩ ስትሰጥ ይሉኝታ ከነአካቴው ትዝ አላላትም።

«አሰግድ፣ በሩን እንዳትከፍት።»

«ለምን?»

«ነጥቦቹ ይዋሻሉ።»

«ማን አስተማራቸው?»

«እኔ።»

አሰግድ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። ሁሉንም በሦስት ዐረፍተ ነገር ነገረችው። ዋሻው ውስጥ ካሜራ የለም፤ «ነጥብ እያለ ካሜራ ለምን?» ተብሎ በድምፅ ብልጫ ተነሥቷል።

«በይሉኝታ ላይ ያለው ስንት ሰው ነው?»

«ሦስት መቶ አሥራ ሁለት። ሌላም ሰው በዋሻው ውስጥ ሊኖር ይችላል።»

«አሥራ አራት ደቂቃ አለሽ። ጠይቂያቸዋ!»

ሂክማ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ላከች፦ «የሕይወት ጉዳይ ነው። አሁን በእውነት ያላችሁበትን ስፍራ ንገሩን።» ደቂቃ ሳይሞላ መልሱ ጎረፈ። ሁለት መቶ ሰባ ሰዎች «ደርሻለሁ» አሉ። ሠላሳዎቹ «በር ላይ ነኝ» አሉ። የቀሩት ዝም ሲሉ፣ አንዱ ብቻ ታክሲ አጥቶ መዘግየቱን በሰፊው አብራራ።

«ጉድ ነው!» አለ አሰግድ ግንባሩን እየጠረገ። «ተይ፣ ሂያጁን አትጠይቂ። ጠባቂውን ጠይቂ።»

ጠየቀች። «የምትጠብቁት ሰው በእውነት የት ነው?»

«አልተነሣም፤ ጫማውን እየፈለገ ነው።» «ሻይ ቤት፣ ከግድግዳው ሥር ያለው ጠረጴዛ።» «ፀጉሯን እየተሠራች ነው፤ አንድ ሰዓት ይቀራታል።» መልሶቹ ያለ ማመንታት ተደራረቡ። ካርታ ያየ አንድም ሰው ያለ አይመስልም ነበር።

መኪያ ግን አልጻፈችም፤ ደወለች። ከጀርባዋ የሰው ጫጫታ ይሰማል።

«የኔን ነው የምትጠይቁኝ? ዋሻ አራት ነው ያለው! ጉልበቱን ስለሚያመው መሐል ላይ ካለው አግዳሚ ይቀመጣል፤ ከተቀመጠ ደግሞ እንቅልፍ ይወስደዋል። ልጃችንን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች መጥተው፣ ሩዙ ቀርቦ፣ የሙሽራዋ አባት ዋሻ ውስጥ ያንኮራፋል። ምነው፣ ምን ተፈጠረ?»

አሰግድ አቧራ የለበሰ ማብሪያ ተጫነ፤ ከነጥቦቹ በፊት የተተከሉት ድምፅ ማጉያዎች አሁንም ይሠራሉ።

«መኪያ፣ ድምፅሽ አሁን ዋሻው ውስጥ ይገባል። ጥሪው።»

«ኑረዲን! የት ደረስክ?»

ድምፅዋ ከመሬት በታች ረጅም መንገድ ሄዶ ተመለሰ። ሌላ ምንም የለም። ደግማ ጮኸች። ከዚያም በዋሻው ግድግዳ ላይ በየቦታው ከተሰቀሉት የአደጋ መጥሪያዎች በአንዱ በኩል እንቅልፍ የተጫነው ሻካራ ድምፅ መጣ።

«ደርሻለሁ!»

አሰግድ ሳይወድ ሳቀ፤ ሳቁ ወዲያው ሞተ። «ስማ፣ ኑረዲን፤ አሰግድ ነኝ፣ ከጎርፍ በር ቤት። ከመውጫው ስምንት መቶ ሜትር ላይ ነህ። ጎርፍ እየመጣ ነው፤ መዝጊያውን እከፍትልሃለሁ። ሩጥ።»

«ጉልበቴ እኮ…»

«ጉልበትህን ቤት ታክመዋለህ!» አለች መኪያ። «ሩጥ!»

ሰባት ደቂቃ። በመስኮቱ ማዶ ደረቁ የደቻቱ አሸዋ ላይ ቡናማ ምላስ ብቅ አለ፤ ከኋላው ግንድ፣ ድንጋይና የተገለበጠ ጋሪ እየጎተተ ወረደ። አምስት ደቂቃ። አሰግድ እጁን ከጎርፉ በር ማንሻ ላይ አኖረ። ሦስት። መጥሪያው እንደገና ጮኸ።

«አሰግድ፣ ቆይ! ሰው አለ እዚህ።»

ሂክማ መዳፏን አየች። ነጥብ የለም፤ በይሉኝታም የተሰወረ የለም። «ማንም የለም እኮ!»

«እንዴት የለም? ክንዷን ይዣታለሁ! ከማራገቢያው ጀርባ ተኝታ ነበር። አልተዋትም።»

ውሃው የገበያውን የመጀመሪያ መደዳ አገኘ። የሽንኩርት ከረጢቶች ተነሥተው ተንሳፈፉ፤ ሰዎች እየጮኹ ወደ ላይ ሸሹ። በጠረጴዛው ላይ ያሉት የስልክ መስመሮች ሁሉ ቀይ ሆነው ይጠራሉ። ሂክማ የአሰግድን እጅ ትመለከታለች፤ ማንሻውን ጨብጧል፤ አይጎትትም። ሁለተኛው መደዳ ጠለቀ።

ከበር ቤቱ ሥር ባለው መውጫ አንድ የሚያነክስ ሰውና አንዲት የልብስ ጥቅል የታቀፈች ሴት ተደጋግፈው ብቅ አሉ። መዝጊያው ከኋላቸው ተቆለፈ። አሰግድ ጎተተ፤ ምድር ተንቀጠቀጠች፤ ዋሻ አራት ደቻቱን ጠጣ።

መኪያ የበዓል ልብሷን እንደ ለበሰች እየሮጠች ደረሰች። ባሏን በሻሿ ትከሻው ላይ መታችው፤ ከዚያም አንገቱን አንቃ አለቀሰች።

«‹ደርሻለሁ› ትለኛለህ፣ አንተ ውሸታም!»

«ይኸው፣ አልደረስኩም?»

ሴትዮዋ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ትንፋሿን ትሰበስባለች። ወደ ሃምሳ ዓመት ይሆናታል፤ ትርንጎ ትባላለች። ከማራገቢያው ጀርባ ቅዝቃዜ ስላለ አምስት ዓመት እዚያ ኖራለች። ሂክማ አጠገቧ ተንበረከከች።

«ነጥብ ለምን አላወጣሽም? ክፍያ እኮ የለውም።»

«ሞክሬ ነበር፣ እኅቴ። መጀመሪያ ‹ማን እንዲያይሽ ትፈልጊያለሽ?› አለኝ። የምጽፈው ስም አጣሁ። ሳይጻፍ ደግሞ አያሳልፍም።»

ያን ጥያቄ የጻፈችው ሂክማ ናት። ከጓደኞቿ አንዱ አማራጭ ይሁን ሲላት፣ የሚያየው የሌለው ነጥብ ምን ያደርጋል ብላ ስቃበት ነበር። አሁን መዳፏን ዘርግታ ያንኑ ጥያቄ ለትርንጎ ከፈተች።

«የኔን ስም ጻፊላት» አለች መኪያ፣ ጥቅሉን ከትርንጎ እጅ እየተቀበለች። «አንቺም ተነሺ። ሽማግሌ አይጠብቅም፤ ሩዝም አይጠብቅም። ዛሬ የሙሽራ አክስት ነሽ።»

ትርንጎ በመጠራጠር ተነሣች። ጥቂት እንደሄደች ግን ቆመችና ወደ በር ቤቱ ዞረች።

«እናንተ ዋሻዎቹን የምታውቁ ከሆነ ልጠይቃችሁ። በዋሻ ሁለት፣ ከማራገቢያው ጀርባ፣ አንዲት ወዳጅ ነበረችኝ። አየር በሚያልፍበት ቱቦ በኩል ማታ ማታ እንጠራራ ነበር። ካለፈው ነሐሴ ወዲህ ድምፅዋ ጠፋብኝ። የት ደርሳ ይሆን?»

ዋሻ ሁለት ለጎርፉ የተከፈተው ባለፈው ነሐሴ ነው። አሰግድ ባርኔጣውን አወለቀ። ሂክማም ከሦስት መቶ ሺህ ሰዎች መካከል ስለዚያች ሴት የጠየቀ የመጀመሪያው ሰው ፊቷ ቆሞ መልስ እንደሚጠብቅ አየች።