የኋላ ቀኝ ወንበር

እኔ እኮ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር ከሱቄ በረንዳ ላይ ሰው የማስነሣ ሴት ነበርኩ፣ እመኑኝ፣ ቀትር ላይ ወንዝ ዳር እገሊትን በስሟ የጠራት አለ፣ እገሌን ጥላ የሌለው ሰው ሰላም ብሎት አለፈ ሲሉኝ፣ «ሙቀቱ ነው፣ በል ውሃ ጠጣ» ብዬ ቀዝቃዛ ውሃ አስጨብጬ የምሸኝ ነኝ። ማንበብ የተማርኩት ስኳር ከምጠቀልልበት ጋዜጣ ላይ ነው፣ አስተማሪም አልነበረኝ፣ ስለዚህ የተጻፈ አምናለሁ፣ ያልተጻፈ አላምንም እያልኩ በሰው እስቅ ነበር። እንግዲህ ምን ልበላችሁ፣ ነገሩ ተጽፎ መጣብኝ፣ ሰዓቱ ተመዝግቦ፣ ካርታ ተሥሎለት።

ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ፣ ሌሊት ቢሆን በእንቅልፍ ልቤ ነው ብዬ እተወው ነበር። በጠራራ ፀሐይ ነው፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ የሸዋ ሮቢትን ቀትር የሚያውቅ ያውቀዋል፣ የባጃጅ ሾፌሮች ጥላ ፈልገው እግራቸውን አውጥተው የሚተኙበት፣ ውሻ እንኳ መጮህ የሚሰለቸው ሰዓት።

ባለቤቴ ጌታቸው ሃያ ዓመት ሽንኩርት በአይሱዙ ሲያመላልስ ኖሮ፣ የነዳጅ ሰልፍ አንገፍግፎት፣ አይሱዙውን ሸጠና አዲስ አበባ ሄዶ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ፣ ነጭ፣ ድምፅ የሌላት፣ ወንበሯ ላይ ላስቲኩ ገና ያልተነሣ። ላስቲክ ደግሞ እኛ ጋ አይነሣም፣ ሶፋ ሲገዛም ላስቲኩ ከነሶፋው ነው የሚያረጀው፣ በዚያ ሙቀት ቀሚሳችንን እያጣበቀብን እንኳ ወይ ፍንክች፣ አዲስ ነገር አዲስ ሆኖ ይቆይልን ነው ነገሩ።

«አፕ አላት» አለኝ ስልኬ ላይ እየጫነ፣ የሱ ስልክ አሮጌ ስለሆነ አልቀበል ብሎት ነው፣ «ከሱቅሽ ሆነሽ በሯን ትከፍቻለሽ፣ ቻርጇ ስንት እንደቀረ ታያለሽ፣ የት እንዳለች ታውቂያለሽ።»

«አንተ የት እንዳለህስ ይናገራል?» አልኩት።

«እሱን እንኳ አላስጫንኩም» ብሎ ሳቀ።

መኪናዋ የገባች ዕለት ሰፈሩ ተሰበሰበ። በሰፈራችን ደንብ አለ፣ አዲስ መኪና ሲገባ ትልቅ ሰው ይመርቃል፣ የመረቀውም ሰው ቀድሞ ይቀመጥና አንድ ዙር ይዞራል፣ ከዚያ በፊት ሌላ ሰው አይሳፈርባትም። የመረቁልን ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ ናቸው፣ ልጆቼን ከኔ እኩል ያሳደጉ፣ እኔ ሱቅ ስውል ምሳ የሚያበሉልኝ፣ ፋሲካም ሆነ ዒድ በራችን የማይዘጋባቸው ሰው። እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፣ «አላህ ክፉ አያሳያችሁ፣ የጭንቅ ቀን ድረሱባት» አሉ፣ አሚን አልን፣ በሩን ልንከፍትላቸው ስንል አልከፈትም አለ። ጌታቸው ካርድ ቁልፉን ውስጥ ረስቶ ወርዷል፣ አፑ ደግሞ ኮድ አስገቡ ይላል፣ ኮዱ የሚላከው መኪና መሸጫው ጋ ላለ ለማናውቀው ስልክ ነው። ደወልን፣ አንዲት ድምፀ ማር የሆነች ልጅ አነሣች፣ «የኔ እናት፣ ኮዱ የደረሰው ልጅ ምሳ ወጥቷል» አለችን። መኪናዋ በራችን ላይ ተቆልፋ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመች፣ ሰፈሩም ሳቀብን።

እትዬ ዘሀራ በኋላኛው ቀኝ መስኮት ላይ መዳፋቸውን አስደግፈው ወደ ውስጥ አዩ። «ይቺ የኔ ናት፣ ደብረ ሲና ብርድ ታሳዩኛላችሁ» አሉ፣ «ብርቄ፣ ቦታዬን ያዥልኝ።»

«ማን ይነካብዎታል!» አልኳቸው። በሩ ሲከፈት ግን እሳቸው ቤታቸው ገብተው ነበር፣ ያቺ ዙራቸው ሳትዞር ቀረች።

ከዚያ በኋላ ያ አፕ ያሳየንን አሳር እኔ ነኝ የማውቀው። ጥሩንባውን ራሱ ይነፋል፣ ማቀዝቀዣውን ራሱ ይከፍታል፣ መኪናዋ እዚህ የግራሩ ጥላ ስር ቆማ ጅቡቲ ናት ይላል። መሸጫው ስንደውል ያቺው ልጅ «የኔ እናት፣ አጥፍተው ያብሩት» ትላለች፣ አጥፍተን እናበራለን፣ «የኔ እናት፣ ፎቶ አንሥተው ይላኩልን» ትላለች፣ እንልካለን፣ «አይተነዋል፣ የተለመደ ነው» ትላለች። በመጨረሻ ጌታቸው ተናደደና ረቡዕ ማታ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ወጣ፣ ፊት ለፊት ሊጮህባቸው፣ መኪናዋን ከነካርዷ ለኔ ትቶ። መንጃ ፈቃድ አለኝ፣ ከከተማ ባልወጣም እነዳለሁ።

በማግስቱ ሐሙስ፣ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ የእትዬ ዘሀራ ልጅ ሰዓዳ ጫማ ሳታደርግ ሱቄ ገባች።

«እትዬ ብርቄ፣ በአላህ፣ እናቴን ደረቷን ያዛት፣ ታስመልሳለች፣ ጤና ጣቢያ አይተዋት አሁኑኑ ወደ ላይ ደብረ ሲና ሆስፒታል ውሰዷት አሉን፣ አምቡላንሱ ወላድ ይዞ ገጠር ገብቷል፣ በመኪናችሁ ያድርሱልን!»

አሁን የምነግራችሁን ለጌታቸውም አልነገርኩትም። መጀመሪያ ልቤ ውስጥ የገባው እትዬ ዘሀራ አይደሉም፣ ታስመልሳለች ያለችው ቃል ነው፣ ወንበሩ ነው የታየኝ፣ ያ ነጭ ወንበር። ስልኬን አወጣሁ፣ አፑን ከፈትኩ፣ ቻርጅ ዘጠኝ ፐርሰንት ይላል። እግዜር ያየኝ፣ ዘጠኝ የሚለውን ሳይ ደስ አለኝ።

«ልጄ፣ ቻርጅ የላትም፣ ይኸው ተመልከቺ» አልኳት ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠግቼ፣ «አቀበቱ መሃል ብትቆምብን እናትሽን እዚያ ልንገድላቸው ነው?»

«እርግጠኛ ነዎት እትዬ ብርቄ?»

«ተጽፎ እያየሽ!» አልኳት፣ ተቆጥቼ እኮ ነው።

መኪናዋ ከሱቄ መስኮት ትታያለች፣ ግራሩ ስር፣ አስር እርምጃ ናት። ካርዱ ኪሴ ውስጥ ነው። ሄጄ በሯን ከፍቼ መሪው ፊት ያለውን ስክሪን ባየው እኮ እውነቱን ይነግረኝ ነበር፣ አስር እርምጃ። አልሄድኩም።

ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ለምነው ጋቢና ውስጥ አስቀመጧቸው። መንገዱ መሃል ያለችው አርማንያ እንኳ ሳይደርሱ፣ ሰዓዳ ትከሻ ላይ እንደተደገፉ፣ እትዬ ዘሀራ አረፉ። የዚያኑ ዕለት ሳይመሽ ተቀበሩ።

ጌታቸው አርብ ተመለሰ፣ መኪናዋን ከፈተ፣ ወደ ሱቁ ገባና፣ «ሰባ አንድ ፐርሰንት ናት፣ ማን ቻርጅ አደረጋት?» አለኝ። እኔ ስኳር እየመዘንኩ ነበር፣ ስኳሩ ፈሰሰ። መሸጫው ደወልኩ፣ ልጅቷ ሳቅ አለችና፣ «ኦ፣ ያ ዘጠኙ የድሮ ነው የኔ እናት፣ ኔትወርክ ሲጠፋ አፑ የቆየውን ነው የሚያሳየው፣ ሁልጊዜ መኪናው ላይ ያለውን ይመኑ» አለች። ይህን ለማለት ምሳ የወጣ ሰው መጠበቅ አላስፈለጋትም።

ለቅሶ ስንቀመጥ ሰዓዳ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች፣ ሴቱ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «ቻርጁ ሞላ እትዬ ብርቄ?» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፣ ልጅቷ ግን ከልቧ ነው የጠየቀችኝ፣ አስባልኝ። «ገና ነው» አልኳት። ጌታቸው ደግሞ ምንም ሳያውቅ፣ በሩቅ ያሉ ለቀስተኞችን በዚያችው መኪና ሲያመላልስ ዋለ፣ ሰዓዳም ከበራቸው ሆና አየቻት። ከዚያ ወዲህ ሱቄ አልመጣችም።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። በሚቀጥለው ሐሙስ ቀትር ላይ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ እያለሁ ከግራሩ ስር ቲን፣ ቲን፣ ቲን ይላል፣ ቀበቶ ያላሰረ ሰው ሲኖር መኪናዋ የምታሰማው ድምፅ ነው። ጌታቸው ጓዳ ተኝቷል፣ ካርዱ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ወጥቼ በመስኮቱ አየሁ፣ ባዶ ናት። ጆሮዬን ሳስጠጋ ግን ላስቲኩ ኮሽ አለ፣ ዝም አለ፣ እንደገና ኮሽ፣ ታውቃላችሁ አይደል፣ ወፈር ያለ ሰው ላስቲክ ያለው ወንበር ላይ ሲመቻች እንደሚለው። የኋላ ቀኝ ላስቲክ ሰርጎድ ብሏል። እጄን መስኮቱ ላይ አላስደገፍኩም፣ እዚያ መዳፍ ማስደገፍ አልቻልኩም።

ስልኬን አየሁ፣ አፑ ጉዞ መዝግቧል። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ከሸቀጥ ካርቶን ላይ በለቀምኳት እንግሊዝኛ ቀስ እያልኩ ፊደል እየቆጠርኩ አነበብኩት፣ ሰዓቱንም በፈረንጅ ስለሚጽፍ ወደኛ መለስኩት፣ ሐሙስ፣ ስድስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ተነሣ፣ አንድ ተሳፋሪ፣ የኋላ ቀኝ፣ ቀበቶ አልታሰረም። ሰማያዊ መስመር ከግቢያችን ይነሣና በአስፋልቱ ወደ ላይ ይሄዳል፣ አርማንያ ሳይደርስ ይቆማል። ወደ ታች ሳወርደው ያለፈው ሐሙስም ተመዝግቧል፣ ያቺ ሐሙስ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መንገድ። መኪናዋ እኮ ከግራሩ ስር አልተነቃነቀችም። ቻርጇ ግን ቀንሷል፣ በዚህ ጊዜ የመኪናዋንም ስክሪን ከፍቼ አይቻለሁ፣ አሥራ አንድ ፐርሰንት ጎድሏል።

ጌታቸውን ቀሰቀስኩት፣ የሰረጎደውን ላስቲክ አየ፣ ሃያ ዓመት መንገድ ላይ የኖረ ሰው፣ በእጁ ሊነካው አልደፈረም። መሸጫው ደወለ።

«ላስቲኩን ያንሡት ጋሼ፣ ሴንሰሩ ላይ ተጭኖ ነው ሰው ያለ የሚመስለው» አለችው።

«ካርታውስ?»

«የተለመደ ነው።»

ላስቲኩን ገፈፍነው፣ አጥፌ ጓዳ ከጆንያዎቹ ስር አስቀመጥኩት። ሐሙስ መጣ፣ ቲን፣ ቲን፣ ቲን። መስመሩ በዚህኛው አርማንያን አለፈ።

ጌታቸው ሦስተኛውን ሐሙስ አልጠበቀም፣ መኪናዋን ለአንድ የደሴ ሰው ሸጣት። አሁን ደሴ ናት፣ ሰውየው ደውሎ አመስግኖናል፣ አንድም ቀን አላስቸገረችኝም አለ። እኔ ግን መሸጫው ደውዬ ስሜን አጥፉልኝ ብላቸው፣ «የኔ እናት፣ ሲስተሙ ላይ ባለቤቷ እርስዎ ነዎት፣ ማንሣት ከእኛ በላይ ነው» አሉኝ። አፑን ራሴ አጠፋሁት፣ ሦስት ቀን ሳልተኛ ሰነበትኩና መልሼ ጫንኩት። ለምን አትበሉኝ፣ የት እንደደረሱ ሳላውቅ መቀመጥ አልቻልኩም።

መኪናዋ ደሴ ሆና ጉዞው ከግቢያችን ይነሣል። በየሐሙሱ ትንሽ ትንሽ ይገፋል፣ አቀበቱን ይጀምራል፣ መታጠፊያዎቹን አንድ በአንድ ይወጣል፣ ባለፈው ሐሙስ ደብረ ሲና ገባ፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆመ። አለቀስኩ፣ ደረሱ ብዬ፣ እፎይ ብዬ፣ እንዲያውም ለሰዓዳ ስኳርና ዘይት ላኩ፣ ሰዓዳ ዘይቱን መልሳ ስኳሩን ለጎረቤት ልጆች በተነችው አሉ። ምንም አይደል፣ እትዬ ዘሀራ ከደረሱ አለቀ ብዬ ነበር። መድረስ ካለ መመለስ እንዳለ አላሰብኩም።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ይህን የምጽፍላችሁ ከሱቄ ሆኜ፣ ስልኩን ሚዛኑ አጠገብ አስቀምጬ ነው፣ ጌታቸው ቀወት ገበያ ወጥቷል። ስድስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ መስመሩ ከሆስፒታሉ በር ተነሣ፣ ቁልቁል። አንድ ተሳፋሪ፣ የኋላ ቀኝ። አርማንያ ላይ ለአፍታም አልቆመም። የሽንኩርቱን ማሳ አለፈ፣ ድልድዩን ተሻገረ፣ እኛ በር ላይ ቆመ፣ ሱቄ ውስጥ መብራት ጠፍቶ የለስላሳው ፍሪጅ ዝም ብሏል። ቀና ብዬ አየሁ፣ በሩ ላይ ፀሐይ ብቻ ነው ያለው፣ ግራሩ ስርም ማንም የለም።

ስልኩ አንዴ ነዘረ። ከዚህ በፊት ጠይቆኝ አያውቅም። የኋላ ቀኝ በር ይከፈት ይላል፣ ከስሩ ሁለት ቃል አለ፣ አዎ እና አይ።

አዎንም አልነካሁም፣ አይንም አልነካሁም፣ ያን ቀን አይ ያልኩበት ጣት ነውና አላመንኩትም። ከጓዳ ግን፣ ከጆንያዎቹ ስር፣ ያ ያጠፍኩት ላስቲክ ኮሽ አለ። ዝም አለ። እንደገና ኮሽ።

ከተቀመጥኩበት እስከ ጓዳው አስር እርምጃ ነው፣ ቆጥሬዋለሁ።