ፀጉሯን ማን ቆረጠው?

ሐመልማል ከብረት አልጋዋ ግርጌ በጀርባዋ ወድቃ ተገኘች። መቀሱ በቀኝ እጇ ነበር። ከመስታወቱ ሥር ወንበር ተገልብጧል፤ ማጅራቷን በመታት የአልጋው ማዕዘንና በሲሚንቶው ወለል ላይ ደም ደርቋል። ግንባሯ ላይ፣ ከቅንድቧ ብዙ ከፍ ብሎ፣ ገና የተቆረጠ የፊት ፀጉር፣ ፍሪንጅ የሚሉት፣ ይታያል።

ቅዳሜ ጠዋት የተጠራችው ኢንስፔክተር ነቢላ ከዲሮ ገና ከባጃጅ ሳትወርድ «አደጋ ነው» ተብላ ነበር። አሰላ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች፤ አደጋ ነው ሲሏት ግን ዛሬም ራሷ ሳታይ አትቀበልም። ይህችኛዋ ደግሞ የሃያ አራት ዓመት አስተማሪ ናት።

በርከክ ብላ ደሙ ላይ የተበተነውን ቁራጭ ፀጉር እፍ አለችበት። ፀጉሩ ብን ብሎ ተነሣ። የሟቿን ትከሻ ትንሽ ከፍ አድርጋ ከሥሯ አየች። እዚያም ልብሷም ላይ አንዲት ዘለላ እንኳ የለም።

«እኔ ነኝ ያገኘኋት» አሉ ወይዘሮ አባይነሽ። ሐመልማልን ከሕፃንነቷ ያሳደጉ የአባቷ እህት ናቸው። «መስታወቱ ከፍ ያለ ነው፤ ወንበር ላይ ቆማ ስትቆርጥ ወደቀች። ፎቶው ላይ እንዳለችው እሆናለሁ ብላ!»

«መጨረሻ ያዩዋት መቼ ነው?»

«ረቡዕ፣ ልጄ። ከዚያ ወዲህ ድምጿንም አልሰማሁ።»

ነቢላ ክፍሉን በዓይኗ ዞረችው። ፎቶ የሚባል ነገር አልነበረም።

የሐመልማል እጮኛ ይበልጣል ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ሐሙስ ዕለት ሲጮህባት ጎረቤት ሰምቷል።

«እሑድ ሁሩታ እሄዳለሁ አለችኝ። ለምን ስላት አትነግረኝም። ሌላ ሰው ያለ መሰለኝ።»

«ትናንትስ?»

«ለሥራ ኦጎልቾ ነበርኩ፤ እዚያው አደርኩ። አኩርፌ አልደወልኩላትም።»

ነቢላ የሐመልማልን ጓደኛ ፈይሩዛን ፀጉር ቤቷን ዘግታ ስታለቅስ አገኘቻት።

«ወላሂ፣ ፍሪንጁን እኔ ልቁረጥልሽ ብያት ነበር! ፎቶው ትናንት ከሰዓት እዚሁ እያለች ነው የደረሳት። ከሁሩታ ሰው አመጣላት። ጀርባው ላይ ‹በገዛ እጄ የቆረጥኩት› ይላል። እኔም በገዛ እጄ ነው አለች።»

«እንዴት እንደሚቆረጥ አሳየሻት?»

«በደረቁ፣ መቀሱን ቀጥ አድርጎ ጫፍ ጫፉን። ሦስቴ አስደገምኳት።»

ነቢላ ስልኳ ላይ ያነሣችውን የሟቿን ግንባር አሳየቻት። ፈይሩዛ አፏን ያዘች።

«ይሄማ በአንድ ጊዜ የተጎመደ ነው። እሷ አይደለችም።»

«ፎቶው ላይ ያለችው ማን ናት?»

«እናቷ። እናትሽ ሞታለች ተብላ ነው ያደገችው፤ ሴትዮዋ ግን አለች። እንደሷ የምቆርጠው ስንገናኝ ራሷን እንድታይብኝ ነው አለችኝ። ለአክስቴ እንዳትነግሪ ብላ አስምላኛለች።»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱም ሬሳው በተነሣበት ክፍል ተሰበሰቡ። ነቢላ ወንበሩን አቁማ ያዘችው።

«ስትቆርጥ ወድቃ ቢሆን ፀጉሩ ከሥሯና ልብሷ ላይ በተገኘ፤ እርጥብ ደም ላይ ያረፈውም በተጣበቀ። እኔ ግን እፍ ስለው በረረ። ደሙ ደርቆ ነበር። ገዳይዋ ሬሳው አጠገብ ብዙ ቆይታ ነው ፀጉሩን የቆረጠችው።»

«ገዳይዋ?» አለ ይበልጣል።

«አንተ ኦጎልቾ ማደርህን አጣርቻለሁ። ፈይሩዛ ብትሆን፣ አደጋ ለማስመሰል ራሷ እንዳስተማረቻት አድርጋ በቆረጠችው። የቀረ አንድ ሰው ነው።» ወደ አሮጊቷ ዞረች። «እትዬ አባይነሽ፣ ስለ ፎቶው ነግረውኛል። ሐመልማል እጅ የገባው ግን ዓርብ ከሰዓት ነው። እርስዎ ከረቡዕ ወዲህ አላየኋትም ብለዋል፤ ስልኳም አልተደዋወላችሁም ይላል። ፎቶውን የት አዩት?»

ወይዘሮ አባይነሽ ከደረታቸው ትንሽ ፎቶ አወጡ። የስቱዲዮ ፎቶ ነው፤ ግንባሯን ፀጉር የከደናት ወጣት ሴት ትሥቃለች።

«መቀሱንና ማበጠሪያውን ደርድራ፣ ይሄንን መስታወቱ ላይ ሰክታ ደረስኩባት። እናቴን ለምን ቀበርሽብኝ አለችኝ። ወንድሜ ሲሞት እናቷን ሮሐን ያባረርኳት እኔ ነኝ፤ ልጅቷን ለብቻዬ ፈልጌ። እማዬ ብላ ነው አፏን የፈታችው በእኔ! አትሂጂ ብዬ ያዝኳት፤ ስትመነጭቀኝ ገፋኋት።»

«ከዚያስ?»

«ትነሣለች ብዬ ጠበቅኩ። እጇ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅኩ። ከዚያ መቀሱን አነሣሁ።» ፎቶውን ዘረጉላት። «ይሄን ግን ማቃጠል አቃተኝ። ሐመልማሌን ትመስላለች።»

ፈይሩዛ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ፖሊሶቹ አሮጊቷን ደግፈው ወሰዱ።

ነቢላ በዚያው ከሰዓት ከይበልጣል ጋር ሁሩታ ወረደች። በመንገዱ ሁሉ አልተነጋገሩም። ሮሐ የቆርቆሮ በሯን ሰማያዊ ቀለም እየቀባች ነበር። መኪናው ቆሞ ነቢላ የሐመልማልን ስም ስትጠራ ብሩሹን አስቀምጣ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ቀረበች።

«እኔ እኮ ነገ ነበር የጠበቅኳት» አለች፤ ከኋላ ወንበር ሌላ ሰው እንዳለ ለማየት አንገቷን እያሰገገች።